አረንጓዴዋ ነጥብና የዓም ማህሩስ ቅርጫት

ሩሽዲ ማህሩስን ክፉ ሰው ነው የሚል ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላ። አምስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስልክ ሳነሳ ኖሬያለሁ። የዱባ ፍሬ እየፈለቀቀ ኮምፒዩተሩ ላይ አቀርቅሮ የሚውል፣ ሰው ሲያስነጥስ "ይማርህ" ሳይል የማያልፍ ልጅ ነው። ጥፋቱ አንዲት የኮምፒዩተር ፕሮግራም መስመር ናት። አንዲት መስመር ጻፈ፣ እኔ ደግሞ አፈር ልብላና አጨበጨብኩለት።

ድርጅታችን እዚህ እስክንድርያ ብቻቸውን ለቀሩ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ ዳቦና ፉል ያደርሳል። ልጆቻቸው ኩዌት፣ ዶሃ፣ ሚላኖ ናቸው። ልጅየው የእኛን ገጽ ሲከፍት ከእናቱ ስም አጠገብ ትንሽ ነጥብ ያያል። እናት ዳቦውን ተቀብላ በስልኳ "ደርሶኛል" የሚለውን ስትጫን ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች። እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ካልተጫነች ቀይ። ዳቦው ሰበብ ነው እንጂ ሰዎቹ የሚፈልጉት ነጥቧን ነው፤ "እናቴ ዛሬም ተነሥታለች" ብለው ሥራቸውን እንዲሠሩ።

ችግሩ ሽማግሌ ሽማግሌ መሆኑ ነው። አንዷ መነጽሯን ታጣለች፣ አንዱ ገጹን ይዘጋዋል፣ ሌላው ኔትወርክ የለውም። ዳቦውን ግጥም አድርገው በልተው ቀይ ይሆናሉ! ከዚያማ የእኔ ስልክ ነው የሚጋየው።

"ሐጃ ሱሄር፣ እናቴ ቀይ ናት! ምን ሆነች? እውነቱን ንገሪኝ!"

"ምንም አልሆነችም የኔ ልጅ፣ ፀጉር ቤት ናት። ለማን እንደምትቆነጅ ግን አንተው ጠይቃት።"

በቀን ሃምሳ እንደዚህ ያለ ስልክ። እየደወልኩ አንድ በአንድ አጣራለሁ፣ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል። አለቃችን ኢንጂነር ኢሃብ አንድ ቀን ጠረጴዛውን ደበደበና "ደንበኛ እየሸሸን ነው፤ ይሄን ቀይ ነገር አጥፉልኝ!" አለ። ሽማግሌዎቹን ደህና አድርጉልኝ አላለም። ቀዩን አጥፉልኝ ነው ያለው። ያኔ ግን ማናችንም ልዩነቱን አልሰማነውም።

የሩሽዲ አባት ዓም ማህሩስ፣ ዓም ማለት እኛ ዘንድ አጎቴ ነው፣ ከዝርዝራችን አንዱ ነበሩ። አርባ ዓመት በአቡ ቂር የባቡር መስመር ላይ ምልክት ሰጪ ሆነው የሠሩ፣ ባኮስ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው። የሕንፃው ሊፍት ከሚስታቸው በፊት ነው የሞተው። ጉልበታቸው ደረጃውን እምቢ ካላቸው ወዲህ ከሰገነታቸው ቅርጫት በገመድ ያወርዳሉ፣ የድርጅታችን አመላላሽ ዳቦውን ይከትበታል፣ እሳቸው ይስባሉ። ሩሽዲ ደግሞ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመምጣቱ በፊት አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ከአባቱ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። በዚያ የተነሣ አንድም ቀን በሰዓቱ ገብቶ አያውቅም። ኢሃብ ሲቆጣው "ባቡሩ ዘግይቶ ነው" ይላል፣ እኛ እንስቃለን።

ታዲያ የዚያን ሳምንት ሩሽዲ ሁለት ቀን አቀርቅሮ ሰንብቶ በሦስተኛው ፊቱ አብርቶ ጠራኝ።

"ሐጃ፣ ከእንግዲህ ስልካቸውን አንጠብቅም። የእነሱ ስልክ ነው የሚያታልለን። አመላላሹ በስልኩ 'አድርሻለሁ' ብሎ ሲዘጋ፣ የእኛ ሰርቨር ራሱ 'ደርሶኛል' ብሎ ይመዘግባል። በሽማግሌው ስም።"

"በስማቸው? እነሱ ሳይጫኑ?"

"ያው ነው እኮ! ዳቦው ከደረሰ ደረሳቸው ማለት ነው። ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ስልካቸው ቢሞት፣ መዝገቡ አይስትም።"

"እጅህ ይባረክ!" አልኩት። አልተናገርኩም ብል ውሸታም ነኝ። ጉሮሮዬ ዕረፍት አማረው።

በማግስቱ ሦስት መቶ አርባ ነጥብ፣ ሁሉም አረንጓዴ። ስልኬ ጸጥ። ኢሃብ ባስቡሳ የሚባለውን ጣፋጭ በትሪ አስመጥቶ አበላን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ስክሪን እያሳየ "ይሄ ነው ሥራ! የሣር ሜዳ አስመሰለው እኮ!" አለ። እኔም በላሁ፣ ጣቴን ላስኩ።

በሦስተኛው ቀን የደወለልኝ ሰው ቢኖር ዓም ማህሩስ ናቸው።

"ልጄ፣ ቁልፌን ማን ወሰደብኝ?"

"የምን ቁልፍ?"

"'ደርሶኛል' የሚለውን ነዋ! ዳቦውን ቆጥሬ፣ አምስት መሆኑን አይቼ ልጫን ስል ተጭኖ ጠበቀኝ። ማን ተጫነልኝ?"

"ማሽኑ ነው ዓም ማህሩስ። ልጅዎ ነው የሠራው፣ እርስዎ እንዳይለፉ ብሎ።"

"ማሽኑ ዳቦውን አየው?"

"አላየውም፣ ግን..."

"እኔን አየኝ?"

እሳቸው ሳቁ፣ ግን ሳቃቸው አልጣመኝም።

"ስሚኝ ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ስሠራ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት በዓይኔ ሳላይ 'ባቡሩ አልፏል' ብዬ ጽፌ አላውቅም። ሰዓቱ ደርሷል ተብሎ አይጻፍም። ፉርጎ ተቆርጦ ሐዲድ ላይ ቀርቶ ቢሆንስ? ለዚያ ልጅ ንገሪው።"

ነገርኩት። ሩሽዲ "አባዬ አሁንም ባቡር ጣቢያ ያለ ይመስለዋል" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ።

ከዚያ ሩሽዲ በሰዓቱ መግባት ጀመረ። ቆይቼ ነው ልብ ያልኩት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ይከፍታል፣ የአባቱ ነጥብ አረንጓዴ ናት፣ ባኮስ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ቀን እያለፈ አባቱ ጋ ይሄድ ነበር። ኋላ ዓርብ ዓርብ ብቻ ሆነ። ኋላ ዓርብም ልጁ ታመመችበት፣ ሚስቱ እንግዳ ጠራች።

"ሩሽዲ፣ አባትህ ጋ ሄድክ?"

"አረንጓዴ ነው ሐጃ፣ ደህና ነው። ማታ እደውልለታለሁ።"

መደወሉን እንጃ። እኔ ግን ያን ስክሪን ባየሁት ቁጥር ደስ አይለኝም። ከሦስት መቶ አርባ ሽማግሌ ተኝቶ የሚያረፍድ የለም? የሚያኮርፍ የለም? ፀጉር ቤት የምትሄድ የለችም? ቀዩ ነገር ሲያንጫጫኝ ቢያንስ ከማዶ ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ለኢሃብ ብናገር "ሐጃ፣ ሰላም አይስማማሽም ማለት ነው?" አለኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ እኔ ግን ጠርጥሬም ዝም አልኩ።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ መጥረጊያው የምንለው ማዕበል መጣ። እኛ ማዕበሉን በስም ነው የምንጠራው፣ ቀኑንም ዓሣ አጥማጆቹ በቃላቸው ይዘውታል። ያን ዓመት በቀኑ መጣ። ሌሊቱን ሲያገሣ አድሮ ጠዋት ባሕሩ በዳርቻው ያለው የኮርኒሽ መንገድ ላይ ወጣ፣ የከተማዋ እኩሌታ መብራት አጣ። ቢሮ የደረስኩት እስከ ጉልበቴ ርሼ ነው። ሩሽዲ ቀድሞኝ ገብቶ ሻይ ይዟል።

ካፖርቴን ሰቅዬ በመስኮት ወደ ታች ብመለከት የአመላላሾቹ ሞተር ብስክሌቶች በሙሉ ግቢው ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። አንዱም አልተነቃነቀም። ልጆቹ መጋዘኑ በረንዳ ሥር ተጠግተው ሲጋራ ያጨሳሉ። ዳቦው በሳጥን በሳጥን እንደታሰረ አጠገባቸው ነው።

ዘወር ብዬ ስክሪኑን አየሁት። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሁሉም አረንጓዴ።

ዝናቡን ፈርተው፣ እዚያው ቆመው፣ ስልካቸው ላይ "አድርሻለሁ" እያሉ ዘግተውታል። የእኛ ማሽን ደግሞ ሦስት መቶ አርባ ሰው ዳቦውን ተቀበለ ብሎ ጽፏል።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ የዓም ማህሩስን የቤት ስልክ ደወልኩ። ጠራ። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ። እኚህ ሰው ስልክ ሁለቴ አስጠርተው አያውቁም።

"ሩሽዲ፣ አባትህ ስልክ አያነሱም።"

"ተኝቶ ይሆናላ።"

"አባትህ ተኝተው ሁለት ሰዓት ሆኖ ያውቃል?"

ስልኩን ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። "ይኸው፣ አረንጓዴ ነው እኮ ሐጃ።"

"ማን አያቸው?" ብዬ ጮኽኩ። "ና ወደዚህ! ና፣ በመስኮት ተመልከት! ማን አያቸው?"

መጣ፣ ተመለከተ። ሞተሮቹን አየ፣ ሳጥኖቹን አየ። ጃኬቱን እንኳ ሳያነሳ ደረጃውን ወረደ፣ እኔም ተከተልኩት።

ታክሲው ውስጥ እጄን ይዞ ነበር። እኔ በልቤ "ተኝተው ነው፣ ተቆጥተው ነው፣ ጌታዬ ሆይ ተቆጥተው ይሁን" እላለሁ። ባኮስ ስንደርስ መንገዱ ውኃ ነው። ወርደን ቀና አልን።

ቅርጫቱ ወርዷል። ነፋሱ ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። ሩሽዲ በሁለት እጁ ያዘውና ውስጡን አየ። ሦስት ከረጢት ዳቦ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። የላይኛው በዝናብ አብጧል፣ የታችኛው ሻግቷል። ለካ በየቀኑ የተለያየ አመላላሽ እየመጣ፣ ከታች ያለውን አይቶ ከላይ እየጣለ፣ "አድርሻለሁ" እያለ ሄዷል። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ወጣና "እኔ እኮ ልጁ መጥቶ ይወስድላቸዋል ብዬ ነው" አለ። ልጁ አጠገቡ ቆሟል።

ሩሽዲ የቤቱ ቁልፍ ነበረው፣ ወጥተን ከፈትን። ዓም ማህሩስ በአልጋቸውና በሰገነቱ በር መካከል መሬት ላይ ነበሩ፣ ሹራባቸውን እንደለበሱ። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቅርጫቱን አውርደው ሲመለሱ ነው የወደቁት። ስልካቸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ወደዚያው ሲሳቡ ምንጣፉ አብሯቸው ተጎትቶ ተጨማዷል፣ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው ቆመዋል።

ያስጠራነው ሐኪም መጥቶ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። የወደቁት ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። የሞቱት ግን ትናንት ማታ ነው።

"ትናንት ማታ?" አለ ሩሽዲ። "ትናንት ጠዋት በሕይወት ነበር?"

ሐኪሙ አዎ አለው። ሩሽዲ መሬቱ ላይ ከአባቱ አጠገብ ተቀመጠ። "ትናንት ጠዋት በዚህ በኩል አልፌያለሁ፤ አውቶቡሱ ቆሞ ነበር፣ አልወረድኩም" አለ። እኔ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፣ ያም ነው ያስፈራኝ።

በዚያው ዕለት በዝናብ ቀበርናቸው።

በማግስቱ ማዕበሉ ጋብ ብሎ ነበር። ሁለት ሰዓት ሊል ሲል ሩሽዲ ቢሮ ገባ፣ ያልተላጨ፣ ጭቃው ጫማው ላይ የደረቀ። "እንዴ! ለምን መጣህ?" ስለው አልፎኝ ሄዶ ስክሪኑ ፊት ቆመ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ማህሩስ ከሚለው ስም አጠገብ ያለችው ነጥብ ቦግ አለች፣ አረንጓዴ። ትዕዛዙን የሰረዘው የለም። አንዱ አመላላሽ ባኮስ ሄዶ አራተኛውን ከረጢት ቅርጫቱ ውስጥ ጥሏል።

ሩሽዲ ተቀመጠ፣ ከፈተ፣ ያቺን መስመር አጠፋት። ስትጠፋ የጻፈችውም ሁሉ አብሯት ጠፋ። ትናንት በራሱ እጅ የተጫነ ሰው ስለሌለ የስክሪኑ ሜዳ በአንድ ጊዜ ቀላ።

ኢሃብ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ። "ምን አደረግክ? ቤተሰቦቹ ያብዳሉ! በአላህ መልሰው!"

"ይበዱ" አለ ሩሽዲ። "ይደውሉ። አውሮፕላን ይሳፈሩ፣ ጎረቤት ይላኩ፣ በር ያንኳኩ።" ተነሥቶ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያች ቀን ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ገና ከበሩ ሳይወጣ ስልኬ ጮኸ። ከዶሃ ነው፣ አንድ ወጣት፣ ትንፋሽ አጥሮታል።

"ሐጃ፣ እናቴ ቀይ ሆናለች! ምን ሆነች?"

"አላውቅም ልጄ።"

"እንዴት አታውቂም? ትናንት አረንጓዴ ነበረች! ወሩን ሙሉ አረንጓዴ ነበረች!"

ኢሃብ ፊት ለፊቴ ቆሞ በእጁ ዝም በይ ይለኛል። ሌሎቹ መስመሮችም መጮኽ ጀምረዋል።

"ልጄ፣ ስትጫን የነበረችው እሷ አልነበረችም፣ እኛ ነበርን" አልኩት። "አሁኑኑ እናትህ ቤት ሰው ላክ፤ በዓይኑ አይቷት ይደውልልህ።"