ወይራው ሥር ያለው ሰውዬ

ዛሬ ለጉለሌ የምንነድፈውን አዲስ ፍርድ ቤት ሳሳይ፣ አለቃዬ ስክሪኑን እየጠቆመ «ወይራው ሥር ጋቢ ለብሶ የተቀመጠው ማነው?» አለኝ።

«ባለጉዳይ» አልኩት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ንድፍ ላይ የሚለጠፉት ዝግጁ የሰው ምስሎች ሁሉም ሱፍ ለባሽ ናቸው (ደጅ ጠንተው የሚያውቁ አይመስሉም)። ስለዚህ አባቴን በእጄ ሳልኩት።

አባቴ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር። የተካሰሱ ጎረቤቶችን ፍርድ ቤት በር ላይ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ያስታርቅ ነበር። «ከገባችሁ አንዳችሁ ተሸንፎ ይወጣል፤ እዚህ ከታረቃችሁ ግን ታክሲ አብራችሁ ትይዛላችሁ» ይላቸው ነበር።

ንድፉ ሲገመገም ሶላሩም የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያውም ያለ ክርክር አለፉ። ቦታው ላይ ያለው ወይራ ግን ለፓርኪንግ ይቆረጥ ተባለ። ተሟግቼ ከመቆረጥ አዳንኩት።

ከዛፉ ሥር አግዳሚ ወንበር ይሠራል። የሚቀመጥበት ሰው ግን ካረፈ ቆየ።

እናንተስ፣ ሥራችሁ ውስጥ ማንን ደብቃችሁ ታኖራላችሁ?