ክኒን የማያምኑ እናት

በፈረንጆቹ 1996 ክረምት ሚኒያፖሊስ በረዶ ውጧታል። ፀዳለ የስድስት ወር እርግዝናዋን ይዛ፣ ከእሁድ በቀር በየቀኑ ከሰፈሯ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ለኩላሊት እጥበት ትወጣለች። ክንዶቿ ከትከሻዋ ብዙም ሳይርቁ ስለሚያበቁ መርፌው የሚገባው በጭኗ፣ የደም ግፊቷም የሚለካው በጭኗ ነው። እንዲህ ሆና፣ በአንድ ደካማ ኩላሊት የተወለደችው፣ እናቷ ወይዘሮ ደሃብ እሷን አርግዘው አስመራ ሳሉ ለማቅለሽለሽ በዋጡት መድኃኒት ነው። ይህን በሠላሳ አራት ዓመቷ ለምዳዋለች። ያልለመደችው እናቷን ነው።

ነርሷ ግፊቷን ሁለቴ ቼክ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ።

«የግፊት ክኒኑን እየዋጥሽ ነው?»

«ጠዋትና ማታ! ከእናቴ እጅ!» የጠርሙሱ ክዳን ተጭነው ካላዞሩት ስለማይከፈት፣ የሚያወጡላት እናቷ ናቸው።

አጠገቧ የተቀመጡት ወይዘሮ ደሃብ ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በረዶው ዛሬስ በዛ።»

«እማዬ! ምን ስታስውጪኝ ነው የከረምሽው?»

«ቫይታሚን። ቫይታሚን ማንን ገደለ?»

«እኔን! ግፊቴ ከጨመረ እኔም ልጄም አንተርፍም ተብሎ አልተነገረሽም?»

ወይዘሮ ደሃብ ያልተነካውን ጠርሙስ ከቦርሳቸው አወጡ፤ አልሰጡም። «ፅንሱን እንደማይጎዳው ሐኪሙ ይማልልኝ።»

ፀዳለ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። የፈራ ፍቅር ከጥላቻ ይብሳል፤ ጠላትን ይሸሹታል፣ እናትን ወዴት ይሸሿታል?

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ፀዳለ ጥርሷን ነክሳ የእናቷን ጥያቄ ተረጎመችለት። ሐኪሙ ወደ ወይዘሮ ደሃብ ዞሮ መለሰ።

«መማል አልችልም። ብዙ እናቶች ወስደውት ልጆቻቸው ደህና ናቸው፤ የማላውቀው ነገር ግን አይጠፋም። ካልወሰደችው የሚመጣውን ግን አውቃለሁ።»

ፀዳለ «ምሏል» ብላ መገላገል ቃጣት። ነገር ግን የእናቷን ዓይን አየችና ቃሉን እንዳለ ተረጎመችው። አበቃልኝ፣ አለች በሆዷ።

ወይዘሮ ደሃብ ጠርሙሱን አገላብጠው አዩት።

«ያኔ መድኃኒቱን የሸጠልኝ ፋርማሲስት በልጆቹ ምሎልኝ ነበር» አሉ፤ ክዳኑን ተጭነው አዞሩት።

ክኒኑን አጎረሷትና ብርጭቆውን ጢም አድርገው በውሃ ሞልተው አቀረቡላት።

«እማዬ! ውሃ የተፈቀደልኝ ተለክቶ ነው፤ ስንቴ ልንገርሽ?»

«አትቆጪ፣ ግፊትሽ ይጨምራል» አሉና ትርፉን ራሳቸው ጠጡላት።