በጋሻው ቴሌቪዥን ላይ የተውኩት ኮፍያ

ከወረታ የወጣሁበትን ምሽት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ፣ እናቴ ይቅር ትበለኝና፣ የጓደኛዬ የጋሻው ጌም ቤት ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ለአንድ የኳስ ጨዋታ ብዬ ገባሁ። አንድ ለአንድ ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። ውጭ ረዳቱ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ይጣራል።

«ልሂድ መሰለኝ» አልኩት።

«ሳንጨርስ?» አለ ጋሻው በጨለማው ውስጥ።

ኮፍያዬን አውልቄ ጀርባው ሰፊ የሆነው አሮጌ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጥኩት። የቤቱ ሕግ ነው፤ ዕቃህ ቴሌቪዥኑ ላይ ካለ ተራህ አይነካም። ከገጠር የሚመጡት የቁሐር ሚካኤል ልጆች ሩዛቸውን ሸጠው ሲመጡ ዱላቸውን እዚያ አጋድመው ሻይ ሊጠጡ ይሄዱ ነበር፤ ዱላ የያዘውን ተራ ደግሞ ማን ይደፍራል!

«ተራዬን እንዳትሰጥብኝ፣ እመለሳለሁ» አልኩት።

«ማን ይነካዋል፣ ወንድምዓለም!»

መንገድ ላይ ሐሙሲት ስንደርስ በሚኒባሱ መስኮት የገባው ነፋስ ባዶ ራሴን ሲመታኝ ሳቄ መጣ። ያኔ ቀልድ ነበር። እዚህ አረብ አገር ሻርጃ ከገባሁ ወዲህ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አገሬ ላይ ቦታ አለኝ የምለው በዚያች ኮፍያ ነው።

ሙቀቱን አልነግራችሁም። ክረምት በመጣ ቁጥር የአገሬን የፎገራን ጭቃ ስረግም ኖሬ፣ ዛሬ ያን ጭቃ በጫማዬ ይዤ ቤት ብገባ ደስታውን አልችለውም። አልጋ ያከራየኝ ሰውዬ ደግሞ ገና በመጣሁ ሰሞን ባስማቲ የሞላ ሳህን አቀረበልኝና «ሩዝ ታውቃለህ?» አለኝ።

«ያደግኩት ሩዝ ማሳ ውስጥ ነው።»

«ኢትዮጵያ ሩዝ የለም።»

«አለ።»

«የለም አልኩህ!»

ቤቱ የእሱ ነውና አገሬንም እሱ ያውቅልኝ ብዬ ባስማቲውን መብላት ጀመርኩ። ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እንጀራ እንጋግረዋለን ብዬው ቢሆንማ ከነሻንጣዬ ያስወጣኝ ነበር።

ባለፈው አርብ፣ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ፣ ሞል ገብቼ ጌም ቤት አገኘሁ። ደስ ሲለኝ! ወንበሩ ሶፋ፣ ኤሲው እንደ ደብረ ታቦር ብርድ ነው። ግን ድምፅ የለም፤ ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ለብቻው ተቀምጧል። ኳስ ከሚጫወት አንድ ወጣት ስክሪን አጠገብ ቁልፌን አስቀምጬ ከኋላው ቆምኩ። ሲስት ጊዜ አላስችል አለኝና «አቀብለው እንጂ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሲኪዩሪቲው ከተፍ አለ።

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ከኋላው ምን ትሠራለህ?»

«ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።»

«ባዶ ማሽን ሞልቷል እኮ!»

«ከሰው ጋር ነው መጫወት የምፈልገው።»

«እሱም ከሰው ጋር ነው የሚጫወተው። ሰውየው ሌላ አገር ነው ያለው» ብሎ ቁልፌን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ወጥቼ የሞሉ መግቢያ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ለጋሻው ደወልኩ። የሆነውን ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

«እኔም ጌም ቤቱን ዘጋሁት፣ ወንድምዓለም» አለኝ። «ልጆቹ ሁሉ በስልካቸው ነው የሚጫወቱት። እኔ ዘንድ የሚመጡት ቻርጅ ለማድረግ ሆነ። ቤቱን ሩዝ ነጋዴ ተከራይቶታል፤ ይኸው ኩንታል እያስገባ ነው።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«አንድ የይፋግ ሰው ወሰደው።»

ስለ ኮፍያዬ ለመጠየቅ ፈራሁ፤ እሱ ራሱ አነሳው።

«ኮፍያህ እጄ ላይ ነው። ለእናትህ ልስጥልህ?»

«አይ፣ አይሆንም!» አልኩት። እናቴ አጥባ ከልብሶቼ ጋር ታስቀምጠዋለች፤ ያን ጊዜ ሄዶ የቀረ ሰው ልብስ ሆነ ማለት ነው። «አንተው ዘንድ ይቆይ። አንድ ለአንድ ላይ እኮ ነን።»

«አልረሳሁትም» አለ ጋሻው። ከኋላው ኩንታል ሲወርድ ይሰማኛል። «ግን አሁን ምን ላይ ላስቀምጠው?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁልፌን በመዳፌ አገላብጣለሁ። እሱም ስልኩን አልዘጋም፤ ኮፍያዬን ይዞ ይጠብቀኛል።