በቀን የበራው መብራት

ልጄ ትኩሳት ይዞት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላደርሰው ከአንኮበር መንገድ ዳር ቆምኩ። አንድ የጭነት መኪና ጥሎኝ አለፈ። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ መብራቷን ያበራች መኪና መጣች። ባትሪው እንዳያልቅበት ብዬ ጣቶቼን ከፈት ዘጋ ሳደርግ ሹፌሩ አቆመ።

«ጓድ፣ መብራትዎ በርቷል» አልኩት።

«አውቃለሁ እህቴ። የዚች መኪና መብራት ከሞተሯ ጋር አብሮ ይበራል፤ በጭጋግ ከሩቅ እንድትታይ ነው። ይኸው!» ሞተሩን ሲያጠፋ መብራቱም ጥፍት አለ። «ለዚህ ነው ያስቆምሽኝ?»

ሊሄድብኝ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። «ልጄን... ሆስፒታል...»

ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ፈረንጅ በሩን ከፍታ ልጄን ተቀበለችኝና ደረቱን ማዳመጥ ጀመረች። እኔ ደንግጬ ቀረሁ።

ሹፌሩ ሳቀ፦ «ግቢ እንጂ! የሆስፒታሉ ሐኪም እኮ ናት።»