ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር

የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር የሺመቤት ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ ጂጅጋ፣ በተከራዩት ቤት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐረፉ። ስንት የዶሮ ጉበት ከፍተው ሕመሙን በስሙ የጠሩ ሴት፣ በመጨረሻ አልታዘዝ ያላቸው የራሳቸው ጉበት ነው። በማግሥቱ ቀበርናቸው። ደገሀቡርም ሆነ ጉናጋዶ፣ አውበሬም ሆነ ከዚያ ወዲያ ያላችሁ፣ መርዶው ያልደረሳችሁ ሁሉ ከዚህ ስሙ። በተለይ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችሁ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ያለው የበረዶ ሳጥን ምን እንደያዘ ጠይቃችሁ፣ እሳቸውም ሳይደብቁ «የዶሮ ኩስ» ሲሏችሁ ቦታ የቀየራችሁ፤ ሐዘኑ የእናንተም ነው።

ጸሐፊው ተክሌ ነኝ፤ ገበያው «ኡኩንሌ»፣ ባለ እንቁላሉ፣ የሚለኝ። አያቴ ወታደር ሆነው መጥተው እዚህ ቀሩ፤ እኔ ደግሞ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር ቀረሁ። ትምህርቴ የገበያ ነው። የለቅሶ ጽሑፍ ደግሞ ማማር አለበት ይላሉ። የሳቸውን ሥራ አሳምሮ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ግን፣ ያ ሰው ሥራውን አላየውም ማለት ነው።

እኔ አይቼዋለሁ። በሱቄ ባንኮኒ ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ የሞተች ዶሮ አንጋለው፣ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ በመቀስ ይከፍቷታል። ጉበቱ አብጦ ነሐስ መስሎ ይወጣል። ከዚያ አንጀቱን እንደ ክር ይዘረጉታል። ክርፋቱ ሱቁ ውስጥ ለሁለት ቀን ይከርማል፤ ደንበኛ ገብቶ ዞር ብሎ ይወጣል። በሕይወት ያለችዋን ደግሞ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ከኋላዋ ያስገቡና ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ይከድኑታል። አፍንጫዬን ይዤ ሲያዩኝ «አቶ ተክሌ፣ መጸየፍዎ ጥሩ ነው፤ ብቻ ምኑን እንደሚጸየፉ ይወቁ» ይሉኝ ነበር። ያኔ ነገሩ ተግሣጽ መስሎኝ ነበር። ሙያቸው መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሲመጡ የሐረር መንገድ ገና አስፋልት አልሆነም። ለከተማው ሴቶች የፈረንጅ ዶሮ ታድሎ፣ ዶሮው ነጭ ተቅማጥ እየለቀቀ በየጓሮው ይረግፍ ነበር። ሁሉም «ፈንግል ነው» ብሎ ተቀምጧል፤ እዚህ አገር ዶሮ ከሞተ ፈንግል ነው፣ ነገሩ ያልቃል። እሳቸው ግን ጥፋቱ ከአንጀት ውስጥ ባክቴሪያ መሆኑን ጠርጥረው፣ ከየት እንደሚገባ ሊያጠኑ ነው የተላኩት። ለዚህም የሴቶቹ ጓሮ መግባት ነበረባቸው። እስከ ዝናቡ ድረስ ካልገቡ ጥናቱ ሊዘጋ፣ እሳቸውም ሊጠሩ፣ ዶሮውም እንደረገፈ ሊቀር ነው።

በሩን የዘጋባቸው ጠላት ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። የዘጋባቸው አድናቂያቸው ነው። አንድ ወጣት ኃላፊ ሴቶቹን አዳራሽ ሰብስቦ፣ እንግዳዋን ለማክበር ብሎ ከወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ። «የተከበሩ ዶክተር የሺመቤት በአሳማ አንጀት ላይ ባደረጉት ጥናት የተመሰገኑ ናቸው» አለና እንዲጨበጨብ እጁን አነሳ። አስተርጓሚው ሳል ያዘው። ውሃ ጠጣ። ኃላፊው «ተርጉም እንጂ» አለው። አስተርጓሚው «ዶፋር» አለ፣ አሳማ በሶማልኛ፤ ከዚያ በላይም አላስፈለገም። ሴቶቹ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፤ ፊት ወንበር ላይ የነበርነው ክርስቲያኖች ደግሞ ነጠላችንን። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ሽማግሌ እንዲህ ባንድ ጊዜ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስማቸው «የአሳማ ዶክተሯ» ሆነ። ሻይ ቤቱ ብርጭቆ ለየላቸው። ለማኅበር ይዘውት የመጡትን ዳቦ ማንም ሳይነካው ዋለ፤ ጾም እንዳልነበረ እኔ በልቼ አረጋግጫለሁ። ያንን ብርጭቆ የለየው ሰውዬ ባለፈው ረቡዕ ድንኳን ውስጥ ደረቱን ሲመታ አየሁት። የዶሮ አንጀት ያላስታወከኝን ያህል እሱ ሊያስታውከኝ ነበር።

ዶክተር የሺመቤት አንድ ጠዋት ሱቄ መጥተው «የሴቶቹ ሁሉ አለቃ ማን ናት?» አሉኝ። ኤዶ ኢብላ ናት አልኳቸው፤ ኤዶ ማለት አክስት ነው፣ ኢብላን ግን ከተማው ሁሉ ኤዶ ነው የሚላት። እሷ ካስገባች ሁሉም ያስገባል። ሶማልኛ ስለምችል አብሬያቸው ሄድኩ። በመንገድ ላይም መከርኳቸው፤ ያጠኑት አሳማ ሳይሆን ፍየል ነው እንላለን፣ ወረቀቱ ተሳስቷል እንላለን፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ደህና የተዋዋልን መሰለኝ።

ኤዶ ኢብላ በሯ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ግቡ አላለችንም። አሳማ ነክታ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገና አፌን ሳልከፍት እሳቸው ጥያቄው ገብቷቸው መለሱ፤ «እስከ ክርኔ ድረስ እጄን ሆዱ ውስጥ አስገብቻለሁ። እንደዚያው አድርገው ይንገሯት» አሉኝ። ነገርኳት። እንዲህ ያለ ትርጉም ሠርቶ ማስታወክ ያላሰኘው ሰው ካለ ይምጣ።

ኤዶ ኢብላ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አየች። ከዚያ «እንግዲያው ትታጠብ» አለች። «ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ሃይማኖቴ ነው። የታጠበ ሰው ደግሞ ንጹሕ ነው፣ ቤቴ ይገባል።» እኔ በሳቸው ፈንታ ተናደድኩ፤ የተማረች ሴት በር ላይ እንደ ሕፃን ልትታጠብ! እሳቸው ግን መሬት ላይ ቁጭ ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ውሃ በአህያ ጋሪ በሚገዛበት ሰፈር ኤዶ ኢብላ ከጄሪካኗ ሳትሰስት አፈሰሰች። አፈሩን ከደጃፏ ዘግና ራሷ አቀበለቻቸው፤ እሳቸውም እስከ ክርናቸው አሹት።

ሲጨርሱ እጃቸው ሳይደርቅ «ኤዶ፣ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ» አሉ። «ከዶሮ ቤት ሲወጡ ስንት ጊዜ ይታጠባሉ?»

ኤዶ ኢብላ ሳቀች። «ዶሮ እኮ ሐላል ነው» አለች።

«ዶሮዋ ሐላል ናት። ኩሷን ማን ሐላል አለው?»

ይህን ስተረጉምላት ሳቋ ቆመ። ጫማዋን አየች። ከዚያ ጫማዋ ካለበት ጀምራ፣ ልጆቿ የሚድሁበትን ምንጣፍ፣ የውሃውን በርሜል፣ ጣሳውን በዓይኗ ዞረች። ፊቷ ላይ ያየሁት ያው አዳራሹ ውስጥ ያየሁት መጸየፍ ነው፤ አሁን ግን የሚጸየፈውን አግኝቷል። በሩን ከፈተችው። እስከ ዝናቡ ድረስ ያልገባንበት ጓሮ አልነበረም፤ በየበሩም እሳቸው ይታጠባሉ፣ ባለቤቷም አብራ ትታጠባለች።

በሽታው ከየት እንደሚገባም ተገኘ። ዶሮ የሚመጣው በእንጨት ሳጥን ተጭኖ ከካራማራ ተራራ ማዶ ነው። ሳጥኑ ባዶውን ይመለሳል፣ ሞልቶ ይመጣል፤ ታጥቦ ግን አያውቅም። የስንቱ መንጋ ኩስ በላዩ ላይ ተደራርቦ እንደ ልስን ደርቋል። ዶክተር የሺመቤት በቢላ ቀርፈው በጠርሙስ ሲያሽጉት እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። የሳጥኖቹን ባለቤት በስሙ አልጠራውም፤ አፌ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ዶሮዎቹ እስኪሸጡ ድረስ በእግራቸው እንዲቆሙለት መጠጥ ውሃቸው ውስጥ የሰው መድኃኒት ይበጠብጥ ነበር። እሱ ራሱ ከበግ ሥጋ ሌላ አይበላም።

ሴቶቹ ያልታጠበ ሳጥን አንቀበልም ብለው መኪናው ፊት ቆሙ። ጮኸባቸው፤ ዶሮዎቹ አሳማ ናቸው ወይ እያለ። ኤዶ ኢብላ «አሳማን እንኳ የነካ ይታጠባል። ያንተን ሳጥን ነክቶ የታጠበ ማን አለ?» አለችው። ሳጥኖቹ ታጠቡ፣ በአፈር ታሹ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ሞት ቀረ ብዬ አልዋሽም፤ ግን ጓሮው ውስጥ እንደገና ዶሮ ሲጮህ ይሰማ ጀመር።

ደግነታቸውም ከዚሁ ከኩሱ አይርቅም። አውበሬ ካምፕ አጠገብ ዶሮዎቿ ሁሉ ያለቁባት አንዲት ስደተኛ ነበረች። በሚቀጥለው ጉዟቸው ከራሳቸው ጓሮ ሁለት ቄብ ይዘውላት ሄዱ። ሴትየዋ ምጽዋት አልቀበልም አለች። እሳቸውም ኮስተር ብለው ነገሩ ምርምር መሆኑን ነገሯት። «ዶሮዎቹ ያንቺ፣ ኩሱ የእኔ» አሏት። ለዓመታት ያን መንገድ ሲያልፉ ወርደው ድርሻቸውን ይወስዱ ነበር፤ ላቦራቶሪ ሲልኩት ግን አላየሁም።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ በር ላይ እጅ የሚያስታጥብ ሰው ይቆማል። ያን ቀን የቆመችው ኤዶ ኢብላ ነበረች፤ አርጅታለች፣ ጄሪካኑን በሁለት እጇ ነው የያዘችው፤ እግሯ ሥር በሣህን አፈር አስቀምጣለች። የእድሩ ዳኛ ሊከለክላት ቢያስብም ፊቷን አይቶ ተወው። ያ ወጣት ኃላፊ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ቀብሩ ላይ «የዶሮ እናት» እያለ ረጅም ንግግር አድርጎ ነበር፤ አሳማውን ዘሎታል። ታጥቦ ገባ። ከኋላው ባለ ሳጥኑ መጣ። አበባ ይዟል። የጣቶቹን ጫፍ አርጥቦ ሊያልፍ ሲል ኤዶ ኢብላ መንገዱን ዘጋች።

«ድገም» አለችው። ደገመ። «ድገም።» ከኋላው ሰልፉ ቆመ። አበባውን ለሰው አቀብሎ አፈሩንም አሸ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኤዶ፣ እኔ ዶፋር ነክቻለሁ እንዴ?» አላት።

«አንተ ታውቃለህ» አለችና አፈሰሰችለት።

ዶክተር የሺመቤት፣ ሳቅዎን ሰማሁት ብል ይዋሻል ይሉኛል፤ እኔ ግን ፈለግኩት። ይህች ከተማ ብርጭቆ ለይታልዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ከእጇ ውሃ ተቀብለው በሯ ላይ ታጠቡላት። ዛሬ ቀሪው አፈር ሁሉ የእርስዎ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ከማንም በር የሚያስቀርዎት የለም። እኛ ግን ገና ሁለተኛው ሦስተኛው እጥበት ላይ ነን፤ ብዙ ይቀረናል። ይረፉ፣ እመቤቴ። ጄሪካኑን ኤዶ ኢብላ ይዛዋለች፤ እሷ ሲደክማት እኔ እይዘዋለሁ።