ባከኑ ያልኳቸው አራት ዓመታት

እስካሁን ትዝ ሲለኝ ቆሽቴ ያራል። በነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ረስቼው ነበር፤ በራሴም ነው እንጂ።

አሶሳ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት ለመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነበር። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት» ይላል። ከተመረቅኩ አምስት ዓመት ቢሞላኝም ልምድ የሚባል ነገር የለኝም፤ ለኔ ተብሎ የወጣ ነው የመሰለኝ። የጽሑፍ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ ያቀናውን መሬት ማረስ ካቃተው ሁለት ክረምት ሆኖታል፤ ዓይኑ ደክሟል። ቤቱ የሚያየው እኔን ነው። ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ሌላ ተስፋ አልነበረኝም።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረሱ ተብለን፣ እኔ የተጠራሁት ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እስከዚያ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ቆመን ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ገብቼ ሰላም ስል የመለሰልኝ የለም። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። ሴትዮዋ ስልኳን ትነካካለች። ዳር ያለው ለውዝ ይፈለፍላል፤ ወላሂ፣ ልጣጩን የሚያራግፈው ማመልከቻዬ ላይ ነው! ወንበሩን ራሴ ስስብ መሃል የተቀመጠው ሰውዬ ገላመጠኝ።

«ከተመረቅሽ በኋላ አምስት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?» አለኝ።

«አራቱን ዓመት እናቴን ሳስታምም። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሏት ተኝታ ነበር። አምና አረፈች።»

ነፍስ ይማር ወይም አላህ ይዘንላት ያለኝ የለም። እኛ መንደር እኮ እንዲህ ያለ ነገር የሰማ መንገደኛ እንኳ ቆም ይላል!

«ሌላ የሚያስታምም ጠፍቶ ነው?» አለ ባለ ለውዙ።

«ሌላ ልጅ የላትም።»

መሃለኛው ወረቀቱን ገለበጠ። «እና አራት ዓመት ባክኗል ማለት ነው።»

ምን ነክቶኝ ነው እንዲያ የመለስኩለት? ሥራውን ፈልጌ ነዋ! ደስ ይለው እንደሆነ ብዬ ፈገግ አልኩና፣ «አዎ ጌታዬ፣ ባክኗል። ከእንግዲህ ግን ሥራዬ ላይ ነው የማተኩረው» አልኩት።

«በቃ ጨርሰናል። ቀጣዩን ጥሪልን።»

ሳምንት ሙሉ ካጠናሁት የመዝገብ አያያዝ አንዲት ነገር አልጠየቁኝም። ባጃጅ ውስጥ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ብዬ በዚያ ፀሐይ እስከ መናኸሪያው በእግሬ ሄድኩ። ስሜ ሰሌዳው ላይ እንደማይወጣ ያን ዕለት አውቄዋለሁ፤ አልወጣምም።

ቤት ስደርስ አባቴ ማልቀሴን ገና በድምፄ ለየ። «አብሽሪ ልጄ፣ ሥራ ሌላ ይመጣል» አለኝ። የማለቅሰው ለሥራው መስሎታል። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፍቼ አቃተኝ።

እናቴ ገላዋን ባጠብኳት ቁጥር፣ «ዕድሜሽን ፈጀሁብሽ እኮ» እያለች ታለቅስ ነበር። እኔም እቆጣታለሁ። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳትዪ! አንድም ቀን አልባከነብኝም» እላታለሁ። አምናኝ ነው የሞተችው።