እምቢ ያለችው ፒን

የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ሰፈራችን ካራ ላይ መብራት የጠፋበት ምሽት ለእኔ በዓል ነበር። ያኔ አያቴ ኩራዙን ለኩሰው፣ የባሕር ዛፉን ፍም ማንደጃው ላይ ሰብስበው፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለን ስለ ጅብ ያወሩልኝ ነበር። ዕድሜያቸውን የእንጦጦን ደን ሲጠብቁ ስለኖሩ የእሳቸው ጅብ እንደ ሌላው ሰው ጅብ ሞኝ አልነበረም። ከሁሉ የምወደው ፍየሏ ጅቡ በተኛበት ጥርሱን የነቀለችበትን ነው። በማግስቱ እንደ ልማዱ እያጓራ መጥቶ አፉን ሲከፍት፣ ድድ ብቻ! «ግን እንዴት ነቀለችው?» እያልኩ አስቸግራቸው ነበር።

አንድ ምሽት መልሱን በተረት አልነገሩኝም። ያን ቀን አጎቴ ከጎረቤታችን ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልቶ «ነገ በጠዋት የአባባን ጠመንጃ እወስዳለሁ፤ ያ ሰውዬ ያገኛታል!» ብሎ ዝቶ ወጥቷል። አያቴ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጎልማሳ ልጃቸውን ታግለው አያስቀሩትም። ጠመንጃውን ቢደብቁት ደግሞ ከሌላ ሰው ይዋሳል።

«እንዴት እንደነቀለችው ዛሬ ታያለሽ» አሉኝ።

ጠመንጃውን ከአልጋ ሥር አወጡ፤ ጥይት አለመኖሩን አይተው ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት ፈቱት። ውስጡ ጥይቱን የሚመታ መርፌ አለ፤ መርፌውን አንቃ የያዘችው ከክብሪት እንጨት የምታንስ አንዲት ፒን ናት። እሷ ከወጣች መርፌው ላልቶ ይቀራል። አያቴ ብረቱን በጉልበታቸው መሃል ያዙት፤ እኔ ቀጭን ሚስማር ደግኜ በመዶሻ መታሁ። ንቅንቅ አላለችም። ላምባ አንጠባጠብንባት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጣቴን መታሁና አለቀስኩ።

«እምቢ አለች፣ አባባ!»

«እምቢ ማለት እሷ ብቻ ናት እንዴ የምታውቀው? ድገሚያት!»

ኩራዙን ሳስጠጋ ነው ያየሁት፤ የምደበድበው ጫፍ ከሌላኛው ወፈር ይላል። የአያቴ ዓይን ስለደከመ አላዩትም። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስናጠብቃት ነው የቆየነው! ብረቱን ገለበጥነው። በቀጭኑ በኩል ሁለቴ ስመታት ጠብ አለች። አያቴ ጠመንጃውን እንደነበረ ገጣጠሙና ፒኗን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን ከደኑልኝ።

በማግስቱ አጎቴ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ጎረቤታችን ላይ አነጣጥሮ ምላጩን ስቦ ነበር፤ ቀጭ ብሎ ቀረ።

«ጠመንጃው እምቢ አለኝ!» እያለ ይጮኻል።

«ጠመንጃው አይደለም» አሉት አያቴ፣ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩህ።»

ያኔ አጎቴ የጨበጥኩትን እጄን አየ። «አምጪ!» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«እምቢ!» አልኩት።

ዛሬ እርሻው ኮንዶሚኒየም ተሠርቶበታል፤ ድንበሩ የቱ ጋ እንደነበር አጎቴም አያውቀውም። ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ እድር ውስጥ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት የሰውዬውን ልጅ ሲድሩ ድንኳን የተከለው አጎቴ ነው። የአያቴ ተረቶች ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል፤ ይቆጨኛል። ፒኗ ግን ከቤቴ ቁልፍ ጋር ታስራ አለች። በፋሲካ ሊጠይቀኝ የመጣው አጎቴ ቁልፉን አንስቶ ፒኗን አገላበጣትና «አሁንስ አትሰጪኝም?» አለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

አሁንም እምቢ አልኩት።